ሦስተኛው ቡድን፦ ስለ «ወንበዴዎች ዋሻ» ጥናትና በትምህርት ቤት ስለ ተሰጠው ትርጓሜ

በቡድኖች መካከል የሚነሣውን ግጭት ስለ መከላከልና ስለ ማብረድ ለመምህራን በሚዘጋጁ ጽሑፎች ውስጥ ዘወትር ከሚጠቀሱት ጥናቶች አንዱ፣ ሙዛፈር ሸሪፍና ባልደረቦቻቸው በ1954 በአሜሪካ በኦክላሆማ ግዛት «የወንበዴዎች ዋሻ» በተባለ መናፈሻ ውስጥ ያካሄዱት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ዓ.ም. የሚል ምልክት ካልተደረገባቸው በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።) ጥናቱ ባጭሩ ሲተረክ እንዲህ ይባላል፤ ሁለት የልጆች ቡድኖች በውድድር ምክንያት ተጣሉ፤ አንዱ ያለ ሌላው ርዳታ ሊወጣው የማይችል ችግር በደረሰባቸው ጊዜ ግን ተባብረው ታረቁ። መምህሩ ከዚህ እንዲወስድ የሚፈለገውም ምክር፣ የተጣሉትን በጋራ ሥራ አሰማራ፣ የሚል ነው። ምክሩ ሐሰት አይደለም። ይሁን እንጂ ጥናቱ ከያዘው ቁም ነገር ግማሹን ብቻ፣ ያውም ለትምህርት ቤት ያነሰ ጥቅም ያለውን ግማሽ የሚያቀርብ ነው። የተተወው ግማሽ ልጆቹን ሳይሆን በዙሪያቸው የነበሩትን ዐዋቂዎች የሚመለከት ነው።

ጉዳዩ የንባብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በአንዳንድ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች በተማሪዎች መካከል በተነሣው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ ትምህርትም ተቋርጧል። እነዚያ ወጣቶች ወደ ዩኒቨርሲቲ ከመግባታቸው በፊት አሥራ ሁለት የትምህርት ዓመታት ያሳለፉ፣ የሥነ ዜጋና የሥነ ምግባር ትምህርትም የተማሩ ነበሩ። ስለዚህ ትምህርት ቤት ለቡድኖች ሰላም ምን ሊያደርግ ይችላል ብሎ የሚጠይቅ መምህርም ሆነ የዕቅድ ባለሙያ፣ በእጁ ያለው ማስረጃ በእርግጥ የሚለውን ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል።

የግጭት አፈታት ጥናት ራሱን የቻለ የዩኒቨርሲቲ የምርምር መስክ ለመሆን የበቃው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በ1957 በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በግጭት አፈታት ላይ የሚያተኩር የምርምር መጽሔት ተመሠረተ፤ በ1959 ደግሞ በዮሃን ጋልቱንግ መሪነት በኦስሎ የሰላም ምርምር ተቋም ተቋቋመ። የመስኩ ጠበብት በዚያ ዘመን ትኩረታቸውን በአብዛኛው የሰጡት ለመንግሥታት፣ ለኑክሊየር መሣሪያና ለድርድር ነበር። በዚያ ሁሉ ጽሑፍ ውስጥ ስለ ክፍልና ስለ ተማሪ የሚናገር ነገር ፈልጎ የሚያገኝ መምህር ጥቂቱን ነው። የሸሪፍ ጥናት ይህን ያህል የተወደደውም ከዚሁ የተነሣ ይመስላል፤ ልጆች አሉበት፤ ጨዋታ አለበት፤ ፍጻሜውም እርቅ ነው።

ሸሪፍ በ1906 በዛሬይቱ ቱርክ የተወለዱ፣ የኦቶማን መንግሥት ሲፈራርስ በሕዝቦች መካከል የደረሰውን እልቂት በቅርብ እያዩ ያደጉ ሰው ናቸው። በ1944 በአገራቸው ሳሉ ለናዚዎች ያዘነበለውን አስተሳሰብ በመቃወማቸው ታስረዋል። ስለዚህ የጥናታቸው ጥያቄ ከቤተ ሙከራ የመነጨ አልነበረም። በቡድኖች መካከል የሚታየው ጠላትነት ከግለሰቦች ክፉ ጠባይ የሚመጣ ነው ወይስ ቡድኖቹ ከሚገኙበት ሁናቴ? የሸሪፍ መልስ ሁለተኛው ነው። አንዱ ካገኘ ሌላው የሚያጣበት ሁናቴ ሲፈጠር፣ ደኅና ጠባይ ያላቸው ሰዎችም ጠላት ይሆናሉ ባይ ናቸው።

ይህን ለማሳየት የተመረጡት ልጆች 22 ነበሩ። ዕድሜያቸው 11 ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ሁሉም ነጮች፣ ሁሉም ፕሮቴስታንቶች፣ ሁሉም መካከለኛ ኑሮ ካላቸው ቤተሰቦች የተወለዱና ከዚያ በፊት እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ነበሩ። በሁለት ቡድን ተከፍለው በመጀመሪያው ሳምንት ገደማ አንዱ የሌላውን መኖር ሳያውቅ ለየብቻ ሰፈሩ። አብረው ዋኙ፤ ምግባቸውን አብረው አዘጋጁ፤ ድንኳን ተከሉ፤ የየራሳቸውንም ስም አወጡ። አንዱ ቡድን «ንስሮች»፣ ሌላው በአንድ መርዘኛ እባብ ስም «ራትለርስ» ተባለ። ከዚያ በኋላ ውድድሩ ታወጀ። ቤዝቦል፣ ገመድ ጉተታ፣ ድንኳን ተከላና ሌሎችም ጨዋታዎች በነጥብ እየተያዙ ለአሸናፊው ቡድን ዋንጫ፣ ለእያንዳንዱም አባል ሜዳሊያና ሰንጢ እንዲሰጥ፣ ለተሸናፊው ግን ምንም እንዳይሰጥ ተወሰነ። ብዙም ሳይቆይ ስድብ፣ የባንዲራ ማቃጠል፣ የሌላውን መኝታ ቤት መውረርና ዕቃ መበታተን ተከተለ። ንስሮች አሸነፉ፤ ተሸናፊዎቹም ወረራ አካሂደው ሽልማቱን ወሰዱባቸው።

ብዙ ጊዜ ሳይጠቀስ የሚታለፈው ቀጣዩ ደረጃ ነው። ተመራማሪዎቹ ወደ ጋራ ሥራ ከመሄዳቸው በፊት ሁለቱን ቡድኖች በማገናኘት ብቻ ጠቡ ይበርድ እንደ ሆነ ሞክረዋል። ልጆቹ በአንድ አዳራሽ ምሳ በሉ፤ ፊልም አብረው አዩ። ውጤቱ ምግብ መወራወር ሆነ። በትምህርት ቤቶች የሚዘጋጁት አብዛኞቹ የመቀራረቢያ ቀናት፣ የጋራ ምሳዎችና የሙዚቃ ዝግጅቶች በዚሁ በከሸፈው ደረጃ ላይ የሚገኙ መሆናቸውን ልብ ማለት ይገባል።

የታወቀው ክፍል ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው። የካምፑ ውኃ ተቋረጠ፤ ምክንያቱን ለማግኘትም ሁለቱ ቡድኖች መስመሩን አብረው ፈተሹ። ፊልም ለመከራየት ገንዘብ አዋጡ። ምግብ ሊያመጣ የነበረው የጭነት መኪና አልነሣ ባለ ጊዜም፣ ቀደም ሲል እርስ በርስ ሲጓተቱበት በነበረው ገመድ ሁሉም በአንድነት ጎተቱት። ሸሪፍ ይህን የመሰለውን፣ ሁሉም የሚፈልገውንና ማንም ለብቻው የማይደርስበትን ነገር «የበላይ ግብ» ብለው ሰየሙት። ግንኙነቱ ቀስ በቀስ ተሻሻለ፤ ወደ ከተማም በአንድ አውቶቡስ ተመለሱ።

ይሁንና ታረቁ ለማለት የሚያበቃው ቁጥር ምን ያህል ነው? ልጆቹ ጓደኞቻቸውን እንዲመርጡ በተጠየቁ ጊዜ፣ ራትለርስ ከሌላው ቡድን የመረጡት ከጠቅላላው ምርጫቸው 6.4 በመቶ የነበረው ወደ 36.4 በመቶ፣ የንስሮች ደግሞ ከ7.5 በመቶ ወደ 23.2 በመቶ ከፍ ብሏል። ለውጡ ትልቅ ነው። ነገር ግን በመጨረሻው ቀን እንኳ ከራትለርስ ምርጫ ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው፣ ከንስሮች ምርጫ ደግሞ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው በየራሳቸው ቡድን ውስጥ የቀረ ነው። ልዩነታቸው አንድ ሳምንት ባልሞላ ውድድር የተፈጠረ፣ በሌላው ነገር ሁሉ እኩያ የሆኑ ልጆች የደረሱበት ደረጃ ይህ ከሆነ፣ የቆየ ቁርሾ ካላቸው ቡድኖች በአንድ የጋራ የጽዳት ዘመቻ ብዙ መጠበቅ አግባብ አይደለም።

ዋናው ሂስ ግን ሌላ ነው። በዚያ ካምፕ ውስጥ የነበሩት ቡድኖች ሁለት ሳይሆኑ ሦስት ናቸው። ይህን ነጥብ በ1976 በግልጽ ያስቀመጡት እንግሊዛዊው የማኅበራዊ ሥነ ልቡና ምሁር ማይክል ቢሊግ ሲሆኑ፣ ሦስተኛው ቡድን የተመራማሪዎቹ መሆኑንና ሥልጣን ሁሉ የነበረውም በዚሁ ቡድን እጅ መሆኑን አመልክተዋል። ልጆቹን የከፈሉት እነርሱ ናቸው። ውድድሩን ያወጁ፣ ተሸናፊው ምንም እንዳያገኝ የወሰኑ፣ ነጥቡን የያዙ እነርሱ ናቸው። የውኃውን መስመር የዘጉትም፣ መኪናው ተበላሽቷል ያሉትም እነርሱ ናቸው። ሸሪፍ ራሳቸው የካምፑ ሠራተኛ መስለው በመካከል ይመላለሱ ነበር። ጠቡም እርቁም የተዘጋጀው ከላይ ነው፤ በተለምዶው ትረካ ውስጥ ግን ዐዋቂዎቹ አይታዩም፤ ልጆቹ ራሳቸው ተጣልተው ራሳቸው የታረቁ ይመስላል።

ከአንድ ዓመት በፊት በ1953 በኒው ዮርክ ግዛት የተካሄደው ተመሳሳይ ሙከራ ይህን ይበልጥ ያጎላዋል። በዚያ ልጆቹ በመጀመሪያ አብረው ሰንብተው ጓደኝነት ከፈጠሩ በኋላ ነበር የተከፈሉት። ውድድሩ ቢደረግም የተጠበቀው ጠላትነት አልመጣ አለ፤ ተመራማሪዎቹም ነገሩን ለማባባስ በስውር ንብረት እስከ ማበላሸት ደረሱ። ልጆቹ ግን ጥፋቱ ከዐዋቂዎቹ መምጣቱን ጠረጠሩ፤ ሙከራውም ሳያልቅ ተቋረጠ። የዚህን ሙከራ ዝርዝር ጂና ፔሪ የተባሉ አውስትራሊያዊት ጸሐፊ መዛግብቱን መርምረው፣ በሕይወት የነበሩትንም የያኔ ልጆች አነጋግረው በ2018 ባሳተሙት መጽሐፍ ገልጸዋል። ከዚህ ተነሥቶ ቀድሞ የተመሠረተ ጓደኝነት ጠብን ሁልጊዜ ይከላከላል ብሎ መደምደም ግን ችኮላ ይሆናል፤ ምክንያቱም በ1949 በኮነቲከት በተደረገው የመጀመሪያው ጥናት ልጆቹ ጓደኛ ከሆኑ በኋላ ተከፍለው፣ ምርጫቸው ወደ አዲሱ ቡድናቸው ዞሯል። ከሦስቱ ጥናቶች ተደምሮ የሚገኘው ቁም ነገር ሌላ ነው፤ ልጆች በላያቸው ላይ ያለውን ሥልጣን አድራጎት ይመለከታሉ፤ ፍትሐዊ መሆን አለመሆኑንም ይገምታሉ፤ ጠላታቸው ማን እንደ ሆነ የሚወስኑትም በከፊል ከዚህ ተነሥተው ነው።

በትምህርት ቤት የሦስተኛውን ቡድን ስፍራ የያዘው መምህሩ ነው፤ ከእርሱም በላይ ርእሰ መምህሩና ዕቅድ አውጪው አሉ። ተማሪዎችን በክፍል የሚደለድል፣ የክፍል አለቃ የሚሾም፣ ደረጃ አውጥቶ በወላጆች ፊት የሚያነብ፣ አንደኛ ለወጣው ሸልሞ ሁለተኛውንና ሃምሳኛውን በእኩል የሚረሳ እርሱ ነው። እንግዲህ «በተማሪዎች መካከል ግጭት ተነሣ» የሚል ሪፖርት ሲጻፍ፣ ከግጭቱ በፊት በነበሩት ወራት ትምህርት ቤቱ ምን ምን ነገሮችን ለውድድር እንዳቀረበ አብሮ ሊጻፍ በተገባ ነበር። ስለ ሰላም ክፍሎችን በጥያቄና መልስ አወዳድሮ ለአሸናፊው ዋንጫ መስጠት የተለመደ ነው። የሸሪፍን ጥናት የሁለተኛ ሳምንት ክፍል አንብቦ ይህን ዝግጅት ያለ ፈገግታ ማየት ያስቸግራል።

የሸሪፍ ትንተና ያልደረሰበት ነገርም አለ። በፖላንድ የተወለዱት፣ በጦርነቱ ጊዜ ተማርከው ቤተሰባቸውን በናዚዎች ጭፍጨፋ ያጡት ሄንሪ ታጅፌል በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ያደረጉት ሙከራ በ1970 ታተመ። ዕድሜያቸው 14 እና 15 የሆኑ ተማሪዎች ከንቱ በሆነ ምክንያት፣ ይኸውም በአንድ ሠሌዳ ላይ የታዩ ነጥቦችን አብዝተው ወይም አሳንሰው ገምተዋል በመባል፣ በሁለት ተከፈሉ። ውድድር የለም፤ ትውውቅ የለም፤ ማን በየትኛው ቡድን እንዳለ እንኳ አይታወቅም። ያም ሆኖ ገንዘብ እንዲያከፋፍሉ ሲጠየቁ ለራሳቸው ቡድን አደሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ሁሉም የበለጠ ሊያገኝ የሚችልበትን ምርጫ ትተው የእነርሱ ቡድን ከሌላው የሚበልጥበትን መረጡ። መከፋፈሉ ብቻ ይበቃል ማለት ነው። ይህ ለመምህሩ ከባድ ዜና ነው፤ ምክንያቱም ውድድሩን ቢያስቀርም ስሙና መዝገቡ ይቀራል። ተማሪዎችን በትውልድ ወይም በቋንቋ ለይቶ መጥራትና ማስቀመጥ አስተዳደራዊ ምቾት ቢኖረውም፣ ዋጋ የማይከፈልበት አይደለም።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉድለት ግን የኦክላሆማ ልጆች እኩያ መሆናቸው ነው። በመካከላቸው የተወሰደ መሬት፣ የተናቀ ቋንቋ፣ የሚቆጠር የአባት ደም አልነበረም። ጋልቱንግ በ1969 ባወጡት ጽሑፍ ድብደባና ግድያ ባይኖርም እንኳ አንዱ ወገን ሊደርስበት ይችል ከነበረው እንዳይደርስ የሚያግደው ሥርዓት ራሱ ዐመፅ መሆኑን ተከራክረዋል። በዚህ አመለካከት ሲታይ የወንበዴዎች ዋሻ ጥናት ስለ ጠብ እንጂ ስለ በደል የሚናገረው ነገር የለውም።

መስኩ ከልጆች ካምፕ ወጥቶ እውነተኛ ቁርሾ ያላቸውን ወገኖች በአንድ ክፍል ለማስቀመጥ በሞከረ ጊዜ የገጠመውን ለማየት፣ ኢትዮጵያን በቀጥታ የሚመለከት ምሳሌ አለ። በዚያው በ1969 በነሐሴ ወር የየል ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቡና ፕሮፌሰር ሌናርድ ዱብና ባልደረቦቻቸው ከኢትዮጵያ፣ ከሶማሊያና ከኬንያ ስድስት ስድስት ሰዎችን፣ በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲ ምሁራንን፣ በሰሜን ኢጣሊያ ተራሮች ፌርሜዳ በተባለ ሆቴል ለሁለት ሳምንት ሰበሰቡ። ጉዳዩ የአፍሪካ ቀንድ የድንበር ክርክር ነበር። ተሰብሳቢዎቹ በሁለት የተቀላቀሉ ጓዶች ተመድበው፣ በመጀመሪያ እርስ በርስ በግልጽ መነጋገርን ተለማመዱ፤ ከዚያም እያንዳንዱ ጓድ የመፍትሔ ሐሳብ አዘጋጀ። በትንሹ ጓድ ውስጥ የሦስቱ አገሮች ሰዎች ሊስማሙ ችለዋል። ሁሉም በአንድ ጉባኤ ሲሰበሰቡ ግን የጋራ ሐሳብ ላይ ሊደርሱ አልቻሉም። ዱብ ይህን ሳይሸሽጉ በ1970 በመጽሐፍ አውጥተውታል፤ ለዚህም ሊመሰገኑ ይገባል። ከስምንት ዓመታት በኋላ በ1977 ኢትዮጵያና ሶማሊያ በኦጋዴን ተዋጉ። ጦርነቱን አሥራ ስምንት ሰዎች ሊያስቀሩት ይገባ ነበር የሚል ሰው አይኖርም። የፌርሜዳው ስብሰባ የሚያሳየው ግን፣ በግለሰቦች መካከል የተገኘ መቀራረብ ወደ ላከቻቸው አገር የሚሻገርበት ድልድይ በራሱ የሚሠራ አለመሆኑን ነው።

የኋለኞቹ ጥናቶችም ይህንኑ በቁጥር ያስረዳሉ። ጎርደን ኦልፖርት በ1954 የተለያዩ ቡድኖች መገናኘታቸው ጭፍን ጥላቻን የሚቀንሰው በእኩል ደረጃ፣ ለጋራ ግብ፣ በትብብርና በባለ ሥልጣናት ድጋፍ ሲገናኙ መሆኑን ጽፈው ነበር። ቶማስ ፔቲግሩና ሊንዳ ትሮፕ በ2006 ባወጡት የ515 ጥናቶች ማጠቃለያ፣ በ94 በመቶዎቹ ግንኙነት ከጥላቻ መቀነስ ጋር አብሮ ተገኝቷል። ይሁን እንጂ በ2019 ኤሊዛቤት ፓላክና ባልደረቦቻቸው ተሳታፊዎችን በዕጣ የደለደሉትንና ውጤቱን ቆይተው የለኩትን ጥናቶች ብቻ ሲያጣሩ ያገኙት 27 ነው። በ2020 የታተመው የሳልማ ሙሳ ጥናት ደግሞ በሰሜን ኢራቅ በጦርነት የተፈናቀሉ ክርስቲያኖች ከሙስሊሞች ጋር በአንድ የእግር ኳስ ቡድን ሲጫወቱ የሆነውን መርምሯል። በሜዳው ላይ የነበረው ባሕርይ ተሻሻለ፤ ከወራት በኋላም አብረው ይለማመዱ ነበር፤ ከሜዳው ውጭ ባለው ኑሮ ግን ያን ያህል ለውጥ አልታየም። በሰሜን አየርላንድም ከ1992 ጀምሮ የጋራ መግባባት ትምህርት የሥርዓተ ትምህርቱ ግዴታ ቢሆንም፣ ልጆቹ በአብዛኛው የካቶሊክና የፕሮቴስታንት በሆኑ ትምህርት ቤቶች ተለያይተው መማራቸው ቀጥሏል። ትምህርቱ ተለወጠ፤ አደረጃጀቱ ቀረ።

ከሸሪፍ ጥናት የተወለደና ለመምህሩ ይበልጥ የቀረበ አንድ ሥራ አለ። በ1971 በቴክሳስ በኦስቲን ከተማ የዘር መለያየት ቀርቶ ነጮች፣ ጥቁሮችና የሜክሲኮ ተወላጆች የሆኑ ልጆች በአንድ ክፍል መማር እንደ ጀመሩ ጠብ በተነሣ ጊዜ፣ ኤሊየት አሮንሰን የተባሉት ምሁር ከተማሪዎቻቸው ጋር ገብተው ክፍሎቹን ተመለከቱ። ያዩት የልጆቹን ጥላቻ ብቻ አልነበረም። መምህሯ ትጠይቃለች፤ ብዙ እጆች ይነሣሉ፤ አንዱ ይጠራል፤ የቀሩት ያዝናሉ፤ የተጠራው ሲሳሳት ደግሞ ደስ ይላቸዋል። ሽልማቱ የመምህሯ ትኩረት ነበር፤ ከቤታቸው በትምህርት ደክመው የመጡት ልጆች ደግሞ በዚህ ውድድር ዕለት ተዕለት ተሸናፊዎች ናቸው። ስለዚህ አሮንሰን ትምህርቱን እንደ ተቆራረጠ ሥዕል ከፋፍለው፣ አምስት ወይም ስድስት ልጆች ባሉበት ጓድ ለእያንዳንዱ ልጅ አንዱን ቁራጭ ሰጡ። እያንዳንዱ የራሱን ቁራጭ፣ ከሌሎች ጓዶች ያንኑ ቁራጭ ከያዙት ጋር አጥንቶ ይመጣና ለጓዱ ያስተምራል። ፈተናው ከሁሉም ቁራጮች ነው። በዚህ ዘዴ ደካማው ልጅ የሚናገረውን መስማት የሁሉም ጥቅም ይሆናል። የዘዴው ትልቁ ቁም ነገር የሦስተኛውን ቡድን አሠራር መለወጡ ነው፤ መምህሩ የብቸኛው ሽልማት ባለቤት መሆኑ ይቀራል። በተለያዩ አገሮች ሲሞከር የተገኘው ውጤት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አልሆነም፤ በአተገባበሩ ጥንቃቄ ላይ ብዙ ነገር ይወሰናል።

በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች በ2000ዎቹ ዓ.ም. በሰፊው የተሠራበት «አንድ ለአምስት» አደረጃጀት ላይ ላዩን ሲታይ ይህንኑ ይመስላል። ልዩነቱ ግን መሠረታዊ ነው። በአንድ ለአምስት ጎበዙ ተማሪ መሪ ነው፤ ዕውቀቱ ከእርሱ ወደ ሌሎቹ ይወርዳል፤ ደካማው ተረጂ ሆኖ ይቀራል። ኦልፖርት የጠየቁት እኩልነት በዚያ የለም። በአሮንሰን ጓድ ግን ማንም ያለ ማንም አይሞላም፤ ሁሉም መምህር፣ ሁሉም ተማሪ ነው። የወንበሩ አቀማመጥ አንድ ሆኖ ሳለ በልጆቹ መካከል የሚፈጠረው ግንኙነት ሌላ ነው።

ይህን ለመሞከር የሚያስብ መምህር የሚገጥመው ችግር በተለይ በቁጥር ነው። ስልሳና ከዚያ በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል አሥራ ሁለት ያህል ጓዶች ይኖራሉ፤ ድምፁ ይበዛል፤ አንዱ ልጅ ሲቀር የእርሱ ቁራጭ ይጎድላል፤ አርባ ደቂቃው በመዘዋወር ያልቃል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በአንድ ትምህርት ብቻ ጀምሮ፣ ለአንድ ቁራጭ ሁለት ልጆችን መመደብና ጓዶቹን መምህሩ ራሱ አመጣጥኖ መደልደል ይበጃል። ለአንድ ክፍለ ጊዜም አምስት ዓይነት አጫጭር ጽሑፍ ማባዛት ያስፈልጋል፤ በብዙ ትምህርት ቤቶች ደግሞ የማባዣ ወረቀት ለፈተና እንኳ አይበቃም። ለክበቦች ዋንጫና ለመቀራረቢያ ቀን ዝግጅት በጀት የሚይዝ የዕቅድ ክፍል፣ የዚህን ወረቀት ሒሳብ በዚያው ርእስ ሥር ሊያስገባው ይችላል።